የሥነ ምድር መግቢያ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ፤ ከፍራይበርግ እስከ አዲስ አበባ

መግቢያ

የፊዚካል ጂኦሎጂ መግቢያ ትምህርት በብዙ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ለጀማሪ ተማሪዎች ከሚሰጡት የሳይንስ ትምህርቶች አንዱ ነው። ይዘቱም በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ስለ ማዕድናትና ስለ ዐለቶች አፈጣጠር፣ ስለ እሳተ ገሞራ፣ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ፣ ስለ ተራሮች መነሣት፣ እንዲሁም ወንዝ፣ ነፋስና የበረዶ ግግር በምድር ገጽ ላይ ስለሚያደርሱት ለውጥ ያስተምራል። ይህን ትምህርት ከሚወስዱት መካከል የሥነ ምድር ባለሙያ የሚሆኑት ጥቂቶች ናቸው። የሚበዙት በሌላ ሙያ የሚሰማሩ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በየትምህርት ቤቱ የጂኦግራፊና የሳይንስ መምህራን ይሆናሉ። ስለዚህ ትምህርቱ ለብዙዎቹ ስለሚኖሩበት ምድር በዩኒቨርሲቲ የሚማሩት የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ትምህርት ነው።

እንዲህ ከሆነ፣ በዚህ አንድ ኮርስ ለተማሪው ሊሰጠው የሚገባው ዋና ነገር ምንድን ነው? የዐለቶችን ስምና የዘመኑን ንድፈ ሐሳብ ማስያዝ ነው? ወይስ ከሚታየው ማስረጃ ተነሥቶ ወደማይታየው ምክንያት የሚደርስበትን መንገድ ማስተማር? ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የትምህርቱ ታሪክ በቂ ምላሽ ይሰጥበታል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፍራይበርጉ መምህርና ተማሪዎቻቸው

ፍራይበርግ በጀርመን በሳክሶኒ ግዛት የምትገኝ የማዕድን ከተማ ናት። በ1765 በዚህች ከተማ የማዕድን አካዳሚ ተቋቋመ። አብርሃም ጎትሎብ ቬርነር በ1775 በመምህርነት ገብተው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ማለትም እስከ 1817 ድረስ፣ በዚያ አስተማሩ። ማዕድናትን በቀለማቸው፣ በጥንካሬያቸው፣ በስብራታቸው መልክና በክብደታቸው ለይቶ ማወቅን በሥርዓት በማስተማር ከፍተኛ ስም ነበራቸው። ከዝናቸው የተነሣ ከብዙ የአውሮፓ አገሮች ተማሪዎች ወደ ፍራይበርግ ይጎርፉ ነበር።

ይሁን እንጂ ቬርነር ስለ ዐለቶች አመጣጥ ያስተማሩት ኋላ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። በእርሳቸው አስተምህሮ፣ ምድርን ሸፍኖ የነበረ ውቅያኖስ ቀስ በቀስ ሲጎድል በውስጡ የነበረው ነገር እየዘቀጠ ዐለቶችን ፈጠረ። ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይም ከውሃ የዘቀጠ እንጂ ከእሳት የወጣ አይደለም። እሳተ ገሞራ ደግሞ በመሬት ውስጥ በሚነድ የድንጋይ ከሰል ምክንያት እዚህም እዚያም የሚከሠት አነስተኛ ነገር ነው።

በዚያው ዘመን በስኮትላንድ ጄምስ ሐተን ተቃራኒውን ሐሳብ አቀረቡ። በ1785 ለኤዲንብራ ሮያል ሶሳይቲ ቀርቦ በ1788 የታተመው ጥናታቸው፣ የምድር የውስጥ ሙቀት ዐለትን እንደሚያቀልጥና የባሕርን ወለል ወደ ላይ እንደሚያነሣ፣ ዝናብና ወንዝ ደግሞ ያንኑ መሬት እየሸረሸሩ መልሰው ወደ ባሕር እንደሚወስዱት ያስረዳ ነበር። ነገር ግን ሐተን የዩኒቨርሲቲ መምህር አልነበሩም፤ ቬርነር በአንጻሩ ከ40 ዓመት በላይ ተተኪ ትውልድ የሚያፈሩበት የማስተማሪያ ወንበር ነበራቸው። የቬርነር ትምህርት በየአገሩ ሥር ለመስደዱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ክርክሩን ወደ መቋጫው ካደረሱት ሰዎች መካከል የቬርነር የራሳቸው ተማሪዎች መገኘታቸው ልብ ሊባል ይገባዋል። ሊዮፖልድ ፎን ቡኽ በ1802 በፈረንሳይ የኦቨርኝን አካባቢ ሲጎበኙ ባዛልቱ ከጠፉ እሳተ ገሞራዎች ጋር ተያይዞ አገኙት። አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልትም ከ1799 እስከ 1804 በአሜሪካ አህጉር ባደረጉት ጉዞ የአንዲስን እሳተ ገሞራዎች በቅርብ አጠኑ። ሁለቱም ቀስ በቀስ ባዛልት ከውሃ ዘቀጠ የሚለውን ትምህርት ተዉ። መምህራቸው ካስተማሯቸው ነገሮች ዘላቂ ሆኖ የተገኘው ዐለትን በጥንቃቄ የመመርመር ልማድ ነበር፤ የመምህሩን ድምዳሜ ያረመውም ይኸው ልማድ ነው።

አንድ ተማሪና ሁለት መምህራን

ከቬርነር ተማሪዎች አንዱ የነበሩት ሮበርት ጄምሰን ከ1804 ጀምሮ ለግማሽ ምዕተ ዓመት በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ፕሮፌሰር ሆነው አገልግለዋል። በ1826 እና በ1827 ትምህርታቸውን ከተከታተሉት አንዱ ሕክምና ለመማር የመጣው ወጣቱ ቻርልስ ዳርዊን ነበር። ዳርዊን በስተርጅናው በጻፈው ግለ ታሪክ እንደገለጸው፣ ትምህርቱ እጅግ አሰልቺ ከመሆኑ የተነሣ በሕይወቱ ዘመን የሥነ ምድር መጽሐፍ ላለማንበብ እስከመወሰን አድርሶት ነበር።

ይህ የሆነው የማስተማሪያ መሣሪያ ጎድሎ አልነበረም። ጄምሰን ትልቅ ቤተ መዘክር ነበራቸው፤ ተማሪዎቻቸውንም ወደ መስክ ይወስዱ ነበር። ዳርዊን በኤዲንብራ አጠገብ ከሚገኘው የሳልስበሪ ገደል ሥር የተደረገውን የመስክ ትምህርት ያስታውሳል። በዙሪያቸው የእሳተ ገሞራ ዐለት ሞልቷል፤ ከፊታቸውም ቀልጦ ከታች ወደ ላይ ሰርጎ የገባ ግድግዳ መሰል ዐለት ይታያል፤ በግራና በቀኝ ያለው ድንጋይም ጠጥሯል። ፕሮፌሰሩ ግን ይህ ስንጥቅ ከላይ በወረደ ደለል የተሞላ ነው ብለው አስረዱ፤ ከታች ቀልጦ የወጣ ነው በሚሉትም ላይ ተሳለቁ። እንግዲህ ተማሪን ወደ መስክ ማውጣት ብቻውን በቂ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። መልሱ አስቀድሞ ከተዘጋ፣ የገደሉ ሥር ጣራ የሌለው የመማሪያ ክፍል ከመሆን አያልፍም።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ ወር 1831፣ ይኸው ተማሪ ከካምብሪጁ ፕሮፌሰር ከአዳም ሴጅዊክ ጋር ወደ ሰሜን ዌልስ ተጓዘ። ሴጅዊክ ከእርሳቸው ጎን ለጎን በሌላ መስመር እንዲሄድ፣ የዐለት ናሙና እንዲሰበስብና የዐለቱን ንጣፍ አቅጣጫ በካርታ ላይ እንዲያሰፍር ያዙት ነበር። ከጉዞው በፊት ዳርዊን በአንድ የጠጠር ማውጫ ጉድጓድ የሞቃት አገር ቀንድ አውጣ ቅርፊት መገኘቱን ሲነግራቸው፣ ሴጅዊክ ቅርፊቱን አንድ ሰው ጥሎት ይሆናል አሉት፤ በእርግጥ ከጠጠሩ ጋር የተቀበረ ቢሆን ኖሮ ስለዚያ አካባቢ ደለል የሚታወቀውን ሁሉ የሚያፈርስ እንደሚሆንም ገለጹለት። ዳርዊን ሳይንስ ማለት ነጠላ ነገሮችን መልቀም ሳይሆን፣ አጠቃላይ ሕግ እንዲገኝባቸው አድርጎ መረጃዎችን ማያያዝ መሆኑን ከዚህ እንደ ተረዳ ጽፏል።

ይህም ሆኖ ሁለቱ በኩም ኢድዋል ሸለቆ ለሰዓታት ቅሪተ አካል ሲፈልጉ፣ ጥንታዊ የበረዶ ግግር በዙሪያቸው የተወውን ምልክት አንዱንም ሳያዩ ተመለሱ። በምድር ላይ ሰፊ የበረዶ ዘመን ነበር የሚለው የሉዊ አጋሲ ሐሳብ ገና አልቀረበም ነበርና ነው። ዳርዊን በ1842 ወደ አካባቢው ተመልሶ ምልክቶቹን ካጠና በኋላ በጉዳዩ ላይ ጽሑፍ አሳተመ። ሰው የሚያየው ለማየት የተዘጋጀበትን ነገር ነው፤ ስለሆነም ንድፈ ሐሳብ ለተመልካች አስፈላጊ ነው፤ መልስ ሆኖ ሳይሆን ጥያቄ ሆኖ እስከቀረበ ድረስ።

በዚሁ ጊዜ ቻርልስ ላየል «የሥነ ምድር መርሖዎች» የተባለውን መጽሐፋቸውን ከ1830 እስከ 1833 በሦስት ቅጽ አሳተሙ፤ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅም በ1832 እና በ1833 አስተማሩ። የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ የጥንቱን የምድር ለውጥ ዛሬ በሥራ ላይ በሚታዩ ምክንያቶች ማስረዳት ይቻላል የሚል ነው። ዳርዊን የመጀመሪያውን ቅጽ ይዞ በታኅሣሥ 1831 በመርከብ ጉዞውን ጀመረ። በየካቲት 1835 በቺሊ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ፣ ከባሕር ውሃ በላይ ተነሥተው የቀሩ የባሕር ቀንድ አውጣዎችን ተመለከተ። ተራራ እንዴት ይነሣል የሚለው የመጽሐፍ ጥያቄ በዐይን የሚታይና በክንድ የሚለካ ሆነ።

ከመጨረሻው ምዕራፍ ወደ መጀመሪያው

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትምህርቱ ለሁለተኛ ጊዜ ከመሠረቱ ተናወጠ። አልፍሬድ ቬግነር በ1912 አህጉራት ቀድሞ አንድ ላይ እንደ ነበሩና ኋላ እንደ ተለያዩ ሐሳብ አቀረቡ። የብዙዎቹ ባለሙያዎች ተቃውሞ አህጉርን የሚያንቀሳቅስ በቂ ኃይል አልተገኘም የሚል ነበር። እንግሊዛዊው አርተር ሆምዝ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ዐለት ከሙቀት የተነሣ እጅግ በዝግታ እንደሚዘዋወርና አህጉራትን ሊያንቀሳቅስ እንደሚችል አስረዱ።

ሆምዝ በ1944 «የፊዚካል ጂኦሎጂ መርሖዎች» የተባለውን የመማሪያ መጽሐፍ አወጡ። የአህጉራትን መንቀሳቀስ የሚመለከተውን ሐሳብ በመጨረሻው ምዕራፍ አስቀመጡት። ብዙዎች ባልተቀበሉት ጉዳይ ላይ ማስረጃውን ለጀማሪ ተማሪ ማቅረብ፣ ያልተረጋገጠውንም አልተረጋገጠም ማለት፣ በዚያ ዘመን ድፍረት የሚጠይቅ ነበር። በ1960ዎቹ የውቅያኖስ ወለል ጥናት ነገሩን ለወጠው። የሃሪ ሄስ ጽሑፍ በ1962፣ የቫይንና የማቲውስ ደግሞ በ1963 ወጣ። አሥር ዓመቱ ሳያልቅ የፕሌት ቴክቶኒክስ ንድፈ ሐሳብ ቅርጹን ያዘ። የምድር ቅርፊት በተለያዩ ንጣፎች የተከፈለ መሆኑና ንጣፎቹ መንቀሳቀሳቸው የትምህርቱ ማሰሪያ ሆነ፤ የመጨረሻው ምዕራፍ የነበረውም ወደ ፊት መጣ። አሮጌውን ድምዳሜ በቃሉ የያዘ ተማሪ የያዘው ሁሉ ሲፈርስ፣ ማስረጃን መመዘን የተማረው ግን አዲሱን ለመቀበልም ለመጠየቅም በቃ።

ትምህርቱ በኢትዮጵያ

ለዚህ አዲስ ንድፈ ሐሳብ በየብስ ላይ ምስክር ከሚሆኑት ጥቂት ቦታዎች አንዱ የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆና አፋር ነው። የአገሪቱ ዐለቶች ጥናት ከዩኒቨርሲቲው ይቀድማል። በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመተው ዊልያም ብላንፎርድ በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ የሰጣቸው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይና የአንጣሎ ኖራ ድንጋይ የተባሉት ስሞች እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (ከ1957 እስከ 1958) ጋር ተያይዞ በካናዳዊው ፒየር ጉዋን መሪነት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። በ1962 ደግሞ ፖል ሞር «የኢትዮጵያ ሥነ ምድር» የተባለውን መጽሐፍ በኮሌጁ ማተሚያ አሳተሙ። መጽሐፉ ከፕሌት ቴክቶኒክስ በፊት የተጻፈ ስለሆነ ስለ መንሥኤ የሚናገረው ክፍል በጊዜ ተቀድሟል፤ በመስክ የታዩትን ዐለቶች የሚገልጸው ክፍል ግን ጠቀሜታው አልጠፋም።

ትምህርቱ ከሕዝብ ኑሮ ጋር ያለውን ግንኙነት የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ያሳያል። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው ነውጥ የመጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር ሰርዶ ፈራረሰች። ጉዋን በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ እነዚህን ነውጦች ከመሣሪያ መዝገብ፣ ከዜና መዋዕሎችና ከተጓዦች ማስታወሻ ከተገኙት ጥንታውያን ነውጦች ጋር አሰባስበዋል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ተሰነጠቀ፤ ሁለቱ ወገኖችም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተራራቁ። የመጀመሪያዎቹ የዐይን ምስክሮች የአካባቢው አርብቶ አደሮች ነበሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ስፍራውን አጠኑ። ሆምዝ በመጨረሻው ምዕራፍ በጥንቃቄ ያቀረቡት ሐሳብ በዚህ ስፍራ በሜትር ተለካ።

ማጠቃለያ

ከታሪኩ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅሙ ሦስት ነጥቦች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የመግቢያው ትምህርት ድምዳሜዎች በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከሥር ተለውጠዋል፤ ስለዚህ ፈተናው የዐለት ስም ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ፣ የሚመዝነው ከትምህርቱ ቶሎ የሚያረጀውን ክፍል ነው። ሁለተኛ፣ የበጀት እጥረት ሲያጋጥም በቅድሚያ የሚቀነሰው የመስክ ጉዞና የናሙና ስብስብ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ እነዚህ የትምህርቱ ማስረጃ እንጂ ጌጡ አይደሉም። ሦስተኛ፣ ጉዞው በመምህሩ ገለጻ ከመጀመሩ በፊት ተማሪው ያየውን እንዲጽፍና እንዲነድፍ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።

ለዚህም ሁልጊዜ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ የሚከተል ተማሪ ከላይ ጥቁሩን የባዛልት ድንጋይ፣ ከሥሩ የባሕር እንስሳት ቅሪት ያለበትን የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ጀሶ ያለበትን ንጣፍ፣ ከታች ደግሞ የአሸዋውን ድንጋይ ያገኛል። ባሕር በዚህ ደጋ ምን አመጣው? ጥቁሩስ ድንጋይ ከኖራው በላይ እንዴት ተቀመጠ፤ ከውሃ ዘቅጦ ነው ወይስ ከእሳት ፈስሶ? በፍራይበርግና በኤዲንብራ አንድ ትውልድ ያከራከረው ጥያቄ ይኸው ነው። ዓባይ በረሃ በማይደረስበት አካባቢ ደግሞ የወንዝ ዳር ጠጠር፣ የድንጋይ ካባ ወይም ለመንገድ የተቆረጠ ኮረብታ ያንኑ ጥያቄ ለማንሣት ይበቃል። በየትምህርት ቤቱ ይህን የሚያነሣ መምህር እንዲገኝ ግን፣ እርሱ ራሱ በዩኒቨርሲቲ በወሰደው በዚያ አንድ ኮርስ ከዐለቱ ፊት ቆሞ መልሱን እንዲፈልግ ዕድል አግኝቶ መሆን ይኖርበታል።