ስለ ባዶ ቀለህ

የጦርነት ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ የጠመንጃው ቍጥር በትጋት ይነገራል፤ የጥይቱ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ይሁን እንጂ ጥይት የሌለው ጠመንጃ ከከዘራ አይሻልም። ስለዚህ አባቶቻችን ነፃነታቸውን በምን ኃይል እንደ ጠበቁ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ከተተኰሰ በኋላ መሬት ላይ ወድቆ ስለሚቀረው ስለ ባዶው ቀለህ መመርመር ይገባዋል።

በጥንቱ ጠመንጃ ዘመን ይህ ችግር አልነበረም። ባሩዱና አረሩ በአፈሙዙ በኩል ስለሚገባ፣ ተኳሹ የሚያስፈልገውን አብዛኛውን ነገር ከአገሩ ያገኝ ነበር። ጥቁር ባሩድ ከሦስት ነገሮች ይሠራል፤ ከመቶው 75 እጅ የሚሆነው ከበረት አፈር ታጥቦ ከሚወጣው ጨው መሳይ ነገር፣ 15 እጁ ከከሰል፣ 10 እጁ ከድኝ ነው። ከሰሉ በየቀበሌው ይገኛል፤ ድኙንም የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ ራሱ ይሰጣል። ከአዳማ ወደ ምሥራቅ በመተሐራ በኩል ፈንታሌን አልፎ ወደ አፋር ምድር ለሚወርድ ሰው፣ የዶፋን ተራራ በድኙ የታወቀ ነው።

ነገሩ የተለወጠው ከኋላ የሚጐርሰው ጠመንጃ በመጣ ጊዜ ነው። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ድል የተመታው የግብጽ ሠራዊት ሬሚንግተን ታጥቆ ስለ ነበር፣ ብዙ ጠመንጃ በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ። ይህ ጠመንጃ የሚተኵሰው ባሩዱ፣ አረሩና እሳት ጫሪው በአንድ የናስ ቀለህ ውስጥ ሲታሰሩ ነው። እንዲህ ያለውን ቀለህ የሚያወጣ ፋብሪካ በአገራችን አልነበረም። በ1879 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ያዘጋጀው ጭነት 2,040 የድሮ ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ነበር። አሮጌው ዘመንና አዲሱ ዘመን በአንድ የግመል ጓዝ ላይ ተጭነው ነበር ማለት ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ በሕዝቡ ዘንድ የታወቀው ውጅግራ ነው። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ከፈረንሳይኛው የወጣ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1874 የተሠራው ይህ ጠመንጃ ስፋቱ 11 ሚሊሜትር ሲሆን፣ 25 ግራም የሚመዝነውን እርሳስ በ5 ግራም ከሩብ ያህል ጥቁር ባሩድ ይወረውራል። ጥይቱ እጅግ ከመወደዱ የተነሣ ከአሞሌ ጋራ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሆኖ በገበያ ይሠራበት ነበር።

ባለ ጠመንጃውም ቀለሁን አይጥልም፤ ለቅሞ፣ አጥቦ፣ እንደ ገና ይሞላዋል። እርሳሱን አቅልጦ በቅርጽ ያፈሳል፤ ባሩዱን ይሰፍራል፤ አረሩን በአፉ ላይ ይደፍናል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። እርሳሱ በሚገባ ሳይግል ከፈሰሰ አረሩ ይጨማደዳል፤ በውስጡም ባዶ ቦታ ይቀራል። ስፍሩ ከጥይት ጥይት ከተለያየ አንዱ ከዒላማው በላይ ሲያልፍ ሌላው በታች ይወድቃል። ባሩዱ እርጥበት ከነካው ይከሽፋል። የሁሉም ማነቆ በቀለሁ መቀመጫ ላይ ያለችው ትንሿ እሳት ጫሪ ናት፤ እርሷን በመንደር መዶሻ መሥራት እጅግ አስቸጋሪ ነውና።

ከዚህ በኋላ ጢስ የሌለው ባሩድ መጣ፤ ፈረንሳዮች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1886 የሌበልን ጠመንጃ አወጡ። የአዲሱ ጥይት ፍጥነት ከፍተኛ በመሆኑ፣ ራቁቱን የሚተኰስ ለስላሳ እርሳስ በአፈሙዙ ውስጥ እየተላጠ ቦዩን ይደፍነዋል፤ ስለዚህ አረሩን በጠንካራ ብረት መልበስ ግድ ሆነ። ባሩዱም ከድኝና ከከሰል የሚቀመም ሳይሆን በኬሚካል ፋብሪካ የሚሠራ ነው። ስለዚህ ጠመንጃው በተሻለ ቍጥር፣ የባለ ጠመንጃው እጅ ከፋብሪካና ከወደብ ጋራ ይበልጥ ታሰረ። አሮጌው ውጅግራ ግን በዝግታው ምክንያት በእጅ የፈሰሰውን እርሳስ አይንቅም ነበር።

ዐፄ ምኒልክ ይህን ዐውቀው ነበር። በ1885 ዓ.ም. የውጫሌን ውል ለማፍረስ በወሰኑበት ወራት ከኢጣሊያ የመጣላቸውን ሁለት ሚሊዮን ጥይት ተቀብለው አስቀመጡ። የዐድዋ ድል ከመሆኑ ሦስት ዓመት በፊት ጐተራው ይሞላ ነበር ማለት ነው።

በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር በአዋሽ፣ በአዳማና በሞጆ አልፎ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ግመል በብዙ ሳምንት የሚያመጣውን ሐዲዱ በጥቂት ቀን አመጣው። ነገር ግን የሐዲዱ ጫፍ በጅቡቲ፣ በባዕድ እጅ ነበር። በ1927 ዓ.ም. ኢጣሊያ ለወረራ ስትዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ፤ በ1928 ዓ.ም. ግንቦት ወር ደግሞ ባቡሩ ራሱ በጠላት እጅ ወደቀ። ስንቅና ጥይት የተቈረጠበት የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ባለው አገር በጎጌቲ ተመታ፤ ራስ ደስታም የካቲት 17 ቀን ተይዘው ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ለአርበኛው ከጠላት የሚማረከው ጥይትና በእጁ የሚሞላው ቀለህ ብቻ ቀሩት።

በእጅ የተሞላ ቀለህ ብቻውን ጦርነት አያሸንፍም፤ ቢሆንም ጊዜ ይገዛል፤ ለአርበኛም ጊዜ ትልቅ ነገር ነው። ይህን ጊዜ የገዛለት ማን ነበር? ብረት የሚያግል፣ እርሳስ የሚያፈስ፣ ናስ የሚቀጠቅጥ፣ «ቀጥቃጭ» እየተባለ የሚናቀው ባለ እጅ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ ዐዋጅ ማስነገራቸው ስለዚህ ጥልቅ ትርጕም አለው። ዕውቀት ያለውን እጅ የሚንቅ አገር በችግሩ ቀን የሰው ወደብ ደጅ ይጠናል። መምህራን ለተማሪዎቻቸው ስለ ዐድዋና ስለ አርበኞች ሲያስተምሩ፣ ከጀግናው ስም አጠገብ ቀለሁን የሞላውንም ሰው ቢያነሡ ለታሪኩ እውነተኛነት ይበጃል።