የሚያድርልኝ ሰው

ጀሪፍን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁት ስሙኝ። ካርቱም ውስጥ፣ ከኛው ዓባይ ዳር፣ የጡብ ምድጃ የሚጨስበት፣ ከጦርነቱ በፊት ሐበሻው ምግብ ቤቱንና ጀበናውን ይዞ የተኮለኮለበት ሰፈር ነው። እዚያ ሁለት እህትማማቾች በአንዲት የኪራይ ክፍል ይኖሩ ነበር። ታላቂቱ ሻይ ታፈላለች፤ ታናሺቱ ዐረብ ቤት ትሠራለች። ስማቸውን ተዉት፤ እንዲህ ያለ ቤት በጀሪፍ አንድ ብቻ አልነበረም።

ታላቂቱ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። ጠበሉ ተጠጣ፣ ቅባቱ ተቀባ፤ ሲብስባት ካርቱሞች «ዘራ» ወደሚሉት የጨረር ሆስፒታል ሄዱ። ያኔ ለዚያ ሁሉ ሰፊ አገር የጨረር ሕክምና ዋና ማዕከሎች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ይኸው፣ ሌላው ወድ መደኒ። ከሩቅ የመጣው ሁሉ አስታማሚውን አስከትሎ ነው።

ታናሺቱ ዐረብኛ የለመደችው ወጥ ቤት ነው። ሐኪሙ ሲናገር ግማሹ አመለጣት። «ከብዳ» ሲል ግን ክው አለች፤ ለማዳሟ በሽንኩርት የምትጠብሰው ጉበት ነዋ!

«ምን አለሽ?» አለች ታማሚዋ።

«መድኃኒቱ ይጀመር ነው ያለው፣ እታለም።»

ማን ይፍረድባት? እኛ መርዶ ስናረዳ ዘመድ ሰብስበን፣ ጊዜ መርጠን ነው። እሷ ግን ብቻዋን፣ ቆማ፣ በሰው አገር ቋንቋ ሰማችው፤ እዚያው ዋጠችው።

ኬሞው ተጀመረ። ኬሞ የሚወስድ ሰው ትኩሳት ከያዘው ሰውነቱ በሽታ የሚከላከልበት አቅም ተዳክሟልና እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው። ይህን እንኳ የነገረቻት ወረፋ ላይ ያገኘቻት ሱዳናዊት አስታማሚ ናት። እንግዲህ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌላት ሴት በእኩለ ሌሊት በሽተኛ ደግፋ ረክሻ ስትፈልግ፣ ከሻ፣ የፖሊስ አፈሳ፣ ቢገጥማትስ? ማዳሟ አንድ ሁለቴ ታገሠች፤ ከዚያ ሌላ ሠራተኛ ቀጠረች።

ጀሪፎች አልጨከኑም፤ ሐቁን እንናገር። ብርቱካኑ መጣ፣ ጁሱ መጣ፣ የዕቁቡ ዳኛ ተራዋን አስቀደመላት። ጠያቂው ሲቀመጥ ግን ቡናውን የምታፈላው ማን ናት? እሷው! ሲኒውን አጥባ ሳትጨርስ ሌላው ያንኳኳል። «አይዞሽ፣ በርቺ» የማይል የለም፤ «ዛሬ እኔ ልደር፣ አንቺ ተኚ» ያለ ግን ጠፋ። እኔን የሚያናድደኝ ይኸ ነው። ሬሳ አገር ቤት ለመላክ ሲሆን ገንዘብ ለማዋጣት የሚቀድመን የለም፤ ሰው በሕይወት እያለ ሌሊት በተራ ለማደር ግን ማን ስም መዘገበ?

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ተኩስ ተከፈተ። ሆስፒታሉም ሥራ አቆመ። ታናሺቱ ከልብስ በፊት የሕክምናውን ወረቀት ሸከፈች፤ በገዳሪፍ አድርገው መተማ ገቡ፣ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ አዲስ አበባ።

አዲስ አበባም ቢሆን ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ሆኖ የኖረ ነው፤ ወረፋው ወራት ይፈጅ ነበር። ደግነቱ፣ ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለ በልጃቸው በማቴዎስ ስም ያቋቋሙት ማኅበር አለ፤ እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉት ደግሞ ነርስ እስከ ቤት ይልካሉ።

እህትማማቾቹ ዘንድም አንዲት ነርስ መጣች። የሞርፊኑን ሽሮፕ በስንት ሰዓት ልዩነት እንደሚሰጥ አሳየች፣ ሆድ እንደሚያደርቅ ተናገረች። ለመውጣት ስትነሣ ወደ ታናሺቱ ዞር አለች።

«አንቺስ ምን ይደረግልሽ?»

አስታማሚዋ ለማሰብ እንኳ አልቆየችም።

«ብር አልልሽም፣ ሲስተር። ማክሰኞና ዓርብ ማታ የሚያድርልኝ ሰው ፈልጊልኝ። ኮስተር ያለች፣ እህቴ ስታቃስት የማትደነግጥ።»