ያወቀ፣ ግን ያልቻለ

ሰው ክፉ መሆኑን እያወቀ፣ ነገር ግን ራሱን መግታት ሳይችል ለፈጸመው ግፍ በሞት ሊቀጣ ይገባልን? የሕግ ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ለብዙ ዘመን ሲያላምጡት ኖረዋል። ለእኔ ግን ከሊቃውንቱ ሁሉ ይልቅ ገልጦ ያሳየኝ አንድ አሮጌ የጀርመን ፊልም ነው፤ የፍሪትዝ ላንግ «ኤም»። (ካልገለጽሁ በቀር ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኤም» በርሊን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ሜይ 11 ቀን 1931 ነበር። በዚያን ዕለት ዘጠኝ ሰዎችን በመግደል የተፈረደበት የዱሰልዶርፉ ፒተር ኩርተን በወህኒ ቤት ሞቱን ይጠባበቅ ነበር። ሐኪሞች መርምረው ለሥራው ኃላፊ ነው ብለውታልና፣ ጁላይ 2 ቀን ኮሎኝ ላይ በጊሎቲን አንገቱ ተቆረጠ። ላንግ ፊልሙ የኩርተን ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ ቢናገርም፣ ተመልካቹ ወደ አዳራሹ የገባው የጋዜጣው ወሬ በጆሮው እያቃጨለ ነው። የሞት ቅጣት ይቅር አይቅር የሚለው ክርክርም በሀገሪቱ የጦፈበት ጊዜ ነበር።

የፊልሙ ታሪክ አጭር ነው። ሐንስ ቤከርት የሚባል፣ ሲያዩት የዋህ የሚመስል ሰው ሕፃናትን እያባበለ ይገድላል። ከተማው በሙሉ አውጫጭኝ የተቀመጠ ይመስል ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠረጥራል። ፖሊስ ከአእምሮ ሕሙማን ማቆያ «ተሽሏቸዋል» ተብለው የተለቀቁትን ሰዎች መዝገብ ያገላብጣል። በየሌሊቱ አሰሳ ሥራቸው የተስተጓጎለባቸው ሌቦች ደግሞ በበኩላቸው ለማኞችን በየመንገዱ አሰማርተው ያድኑታል። በመጨረሻ የሚያውቀው ዓይነ ስውሩ ፊኛ ሻጭ ነው፤ ዓይን ያላየውን ጆሮ በፉጨቱ ለየው። አንድ ወጣትም በመዳፉ ላይ በጠመኔ «ኤም» ብሎ ጽፎ ትከሻውን መታ ያደርገዋል፤ ፊደሏ በጀርመንኛ «ነፍሰ ገዳይ» የሚለው ቃል መነሻ ናት።

ልብ የሚነካው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ሌቦቹ ቤከርትን ጎትተው ወደ አንድ ወና ፋብሪካ ምድር ቤት ያወርዱታል። የችሎቱ ሰብሳቢ ካዝና ሰባሪ ነው፤ እርሱም በሦስት ሰው ነፍስ የሚፈለግ! ካዝና ሰባሪው ሕጉን ጠንቅቆ ያውቃል፦ ለመንግሥት ብንሰጥህ አንቀጽ 51ን ትጠቅሳለህ፤ ዕድሜህን በሕዝብ ገንዘብ ስትጦር ትኖራለህ፤ ከዚያም ታመልጣለህ ወይም ትማራለህ፤ ሕፃናት እንደገና ይሞታሉ ይለዋል። ፒተር ሎሬ የሚጫወተው ቤከርት ተንበርክኮ ሲመልስ፣ እናንተ ብትፈልጉ ሌብነታችሁን መተው ትችላላችሁ፤ እኔ ግን ከራሴ ወዴት ልሽሽ? የሚል ነው የንግግሩ መንፈስ። ከሕዝቡ መካከል የቆመለት ጠበቃም፣ ሊገታው በማይችለው ነገር የተገደደን ሰው ማንም ሊቀጣው አይችልም፣ ይህ ሰው የሚያስፈልገው ሐኪም እንጂ ገዳይ አይደለም ብሎ ይሟገታል። ሕዝቡ ግን ይስቃል፤ ይጮሃል፤ የልጆቹን እናቶች ጠይቁ ይላል።

ሁለት የሕግ ሐሳቦች የሚጋጩት እዚህ ላይ ነው። በ1843 ዳንኤል ማክናተን የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር ፀሐፊ በጥይት ገድሎ፣ አእምሮው የታወከ ነው ተብሎ ነፃ ሲወጣ ሀገሩ ተንጫጫ። ዳኞቹም የማክናተን ደንብ የሚባለውን አወጡ፤ ሚዛኑ እውቀት ነው። ተከሳሹ ያደረገውን ያውቅ ነበር? ክፉ መሆኑንስ ያውቅ ነበር? በ1871 የወጣው የጀርመን ሕግ አንቀጽ 51 ግን የሚጠይቀው ስለ ፈቃድ ነው፤ ነፃ ፈቃዱ በአእምሮ መታወክ ተወስዶበት እንደሆነ። ቤከርት በመጀመሪያው ሚዛን ይሞታል፤ ያውቃልና። በሁለተኛው ግን ምናልባት ይተርፋል።

የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በእኛ ሙያ ፊርማ የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ አይደለም፤ ከጀርባው ፈቃድ አለ ብለን ነው የምንቀበለው። ተገድዶ የፈረመ ሰው እጁ ጽፏል፤ እርሱ ግን አልፈረመም። ለጥቂት ብር ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ከሆነ፣ ለሰው ነፍስ እንዴት እንነስ?

የእናቶቹ ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም። በሀገራችን የቀድሞ ልማድ የተፈረደበት ነፍሰ ገዳይ ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር፤ ደሙን መመለስም ሆነ የደም ካሳ ተቀብሎ ምሕረት ማድረግ የእነርሱ ምርጫ ነበር። ሐዘንተኛው ድምፅ ነበረው። ፊልሙም እናቶቹን አይሸሽም፤ ፖሊስ ደርሶ ቤከርትን ወደ እውነተኛው ችሎት ሲያቀርበው ፍርዱን አንሰማም፤ የምናየው ጥቁር የለበሱ እናቶችን ነው። ከመካከላቸው አንዷ ይህ ልጆቻችንን አይመልስም፤ ይልቅስ ልጆቻችንን እንጠብቅ ትላለች።

ከፊልሙ በኋላ የሆነው ከፊልሙ ይከፋል። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። አይሁዳዊው ሎሬ ተሰደደ፤ ላንግም ወጣ፤ ድርሰቱን አብራው የጻፈችው ባለቤቱ ቴያ ፎን ሃርቡ ግን ቀርታ የናዚ ፓርቲ አባል ሆነች። በ1940 የወጣው «ዘላለማዊው ይሁዲ» የተባለው የናዚ ፕሮፓጋንዳ ፊልም የሎሬን የኑዛዜ ትዕይንት ቆርጦ ወስዶ፣ ተዋናዩ የተጫወተውን ወንጀል የሕዝቡ ጠባይ አድርጎ አቀረበው። ከ1939 ጀምሮ ደግሞ መንግሥት የአእምሮ ሕሙማንንና አካል ጉዳተኞችን በምሥጢር ይፈጅ ገባ፤ እስከ ኦገስት 1941 ድረስ ብቻ ከ70 ሺህ በላይ ሰው በጋዝ ታፍኖ አለቀ። እነዚህ ማንንም አልገደሉም። በምድር ቤቱ ችሎት ሕመም ከሞት የሚያድን መከራከሪያ ነበር፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ ሕመም ራሱ የሞት ምክንያት ሆነ። «የማይድን ከሆነ ይወገድ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ለነፍሰ ገዳዩ ከተፈቀደ፣ ለንጹሑ የሚቀረው አጥር ስስ ነው። ምዕራብ ጀርመን በ1949 በሕገ መንግሥቷ የሞት ቅጣትን የሻረችው ይህን ሁሉ አይታ ነው።

እኛስ? ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው፣ በእኛ አቆጣጠር የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 48 ሁለቱን ሚዛኖች አንድ ላይ አስቀምጧል፦ የሥራውን ጠባይና ውጤት መረዳት ያልቻለ፣ ወይም ተረድቶ ራሱን በዚያው መጠን መምራት ያልቻለ። በዚያች «ወይም» በምትለው ቃል ውስጥ የቤከርት ጩኸት ይሰማኛል። የ1996 ዓ.ም. ሕግም የሞት ቅጣትን ይዞ ቢቀጥልም፣ ይህንኑ ሐሳብ ጠብቆታል።

ጩኸቱን የሚሰማ ዳኛ ገዳዩን አይለቀውም፤ በሩንም በጥብቅ ይዘጋል። ነገር ግን አይገድለውም። ለእኔ በምድር ቤቱ ችሎትና በእውነተኛው ችሎት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

እጅ የፈጸመውን ልቡ ሳይፈቅደው፣
ዳኛ ቅጣቱን ወስዶ በማን ላይ ያውርደው?
የእናትንስ እንባ የቱ ፍርድ ያብሰው፣
ልጅ ላይመለስላት ገዳዩን ቢጨርሰው?