የትምህርት ቤት ደኅንነት፦ ልጅዎን ከጦር መሣሪያ ጥቃት ለመጠበቅ ማወቅ ያለብዎት

በአሜሪካ ልጅ የሚያስተምሩ ከሆነ አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ «ሎክዳውን» የሚል መልእክት ስልክዎ ላይ ሊደርስዎ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ያለ ጉዳት ያልፋል፤ የወላጅን ልብ ግን ማራዱ አይቀርም። ይህ ጽሑፍ አደጋው ምን ያህል እንደሆነ፣ አስቀድሞ ምን ምልክት እንደሚታይ፣ እንዲሁም እርስዎ በቤትዎና በትምህርት ቤቱ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ያስረዳል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አደጋው ምን ያህል ነው?

በ2020 በአሜሪካ ከ1 እስከ 19 ዓመት የሆኑ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል የጦር መሣሪያ የመኪና አደጋን በልጦ የመጀመሪያውን ደረጃ ያዘ። ከእነዚህ ሞቶች አብዛኞቹ የሚደርሱት በቤትና በሰፈር ነው። በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚፈጸመው ግድያ በትምህርት ቤት የሚደርሰው 3 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ይህ ማለት ግን ነገሩ ቀላል ነው ማለት አይደለም። በ1999 በኮሎምባይን 12 ተማሪዎችና አንድ መምህር፣ በ2012 በሳንዲ ሁክ 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች፣ በ2018 በፓርክላንድ 17 ሰዎች፣ በ2022 በዩቫልዲ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ተገድለዋል። ልጅዎ ስለ እነዚህ ሰምቶ ይሆናል፤ በትምህርት ቤትም መደበቅን ይለማመዳል።

ጥቃቱ ከየት ይነሳል?

የአሜሪካ ሲክሬት ሰርቪስ ከ2008 እስከ 2017 በትምህርት ቤቶች የተፈጸሙ 41 ጥቃቶችን መርምሮ በ2019 ዘገባ አውጥቷል። ለወላጅ የሚጠቅሙት ዋና ዋና ነጥቦች እነዚህ ናቸው፦

• «ጥቃት የሚፈጽም ልጅ እንዲህ ያለ ነው» የሚያሰኝ አንድ መልክ የለም።
• ሁሉም ከጥቃቱ በፊት ሰውን የሚያሳስብ ባሕርይ አሳይተዋል፤ አብዛኞቹም ሐሳባቸውን ለሌላ ሰው ገልጸዋል።
• ብዙዎቹ በሌሎች ተማሪዎች ሲሰደቡ፣ ሲሸማቀቁና ሲገፉ የቆዩ ነበሩ።
• በጦር መሣሪያ ከተጠቀሙት ሦስት አራተኛ ያህሉ መሣሪያውን ያገኙት ከወላጅ ወይም ከቅርብ ዘመድ ቤት ነው።

በ2021 በሚሺጋን ግዛት በኦክስፎርድ የ15 ዓመት ልጅ 4 ተማሪዎችን ገደለ። ሽጉጡን አባቱ የገዛው ከአራት ቀን በፊት ነበር። በዚያው ዕለት ጠዋት ትምህርት ቤቱ ልጁ በሣለው አስደንጋጭ ሥዕል ምክንያት ወላጆቹን ጠርቶ ነበር፤ ልጃቸውን ግን ወደ ቤት አልወሰዱትም። በ2024 ሁለቱም ወላጆች በሰው መሞት ጥፋተኛ ተብለው ከ10 እስከ 15 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሁሉ አደገኛ ነው ብለው አያስቡ። አብዛኞቹ ታማሚዎች ማንንም አይጎዱም። እንዲህ ያለው አመለካከት ቤተሰብ ሕመሙን እንዲደብቅና ልጁ ሳይታከም እንዲቀር ያደርጋል።

ትኩረት የሚሹ ምልክቶች

• ስለ መሞት፣ ስለ መግደል ወይም ስለ በቀል መናገር፣ መጻፍ፣ መሣል
• ካለፉ የትምህርት ቤት ጥቃቶች ፈጻሚዎች ጋር ከልክ ያለፈ ፍቅር ወይም አድናቆት
• ድንገት ከጓደኛና ከቤተሰብ መራቅ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የትምህርት ውጤት ማሽቆልቆል
• መሣሪያ ለማግኘት መሞከር ወይም የት እንደሚገኝ መጠየቅ
• የሚወደውን ዕቃ ለሰው ማደል ወይም የስንብት ቃል መናገር

አንድ ምልክት ብቻውን ብዙ ላያመለክት ይችላል። ብዙ ሆነው ሲታዩ ወይም ልጁ ድንገት ሲለወጥ ግን «ዕድሜው ነው፣ ያልፍለታል» ብለው አይተዉት።

በቤትዎ ምን ያድርጉ?

በሱቅ ወይም በሌሊት ታክሲ የሚሠሩ አንዳንድ ወላጆች ለመከላከያ ብለው ሽጉጥ ይገዛሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ምክር ግልጽ ነው፤ ለልጆች ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ የሌለበት ቤት ነው። ካለ ደግሞ፦

• ጥይቱ ወጥቶ በካዝና ወይም በመቆለፊያ ይቆለፍ።
• ጥይቱ በሌላ ቦታ ለብቻው ይቆለፍ።
• ቁልፉን ወይም የሚስጥር ቁጥሩን ልጅ አይወቀው። የልደት ቀን አይጠቀሙ።
• መሣሪያ መኪና ውስጥ ወይም ቦርሳ ውስጥ አይተዉ።

መደበቅ መቆለፍ አይደለም። ቁም ሣጥን ውስጥ በልብስ መሃል የተቀመጠ ሽጉጥ ልጆች ሳያውቁት አይቀሩም። መቆለፍ ራስን ከማጥፋትም ይከላከላል። በጦር መሣሪያ ራሳቸውን ለማጥፋት ከሚሞክሩ ሰዎች ከ10 ዘጠኙ ያህል ይሞታሉ፤ ስለዚህ በጭንቅ ሰዓት መሣሪያ እጅ ላይ አለመገኘቱ ሕይወት ያተርፋል።

ልጅዎ ሰው ቤት ሄዶ ከመጫወቱ በፊትም ይጠይቁ። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነውር ሊመስል ይችላል። «ልጄ ነገር መነካካት ይወዳል፤ ቤት ውስጥ ያልተቆለፈ መሣሪያ ካለ ብዬ ነው፣ አይቀየሙኝ» ቢሉ ማንም አይከፋውም።

ትምህርት ቤቱን ምን ይጠይቁ?

• የሚያሳስብ ነገር ስም ሳይገለጽ የሚጠቆምበት ስልክ ወይም መተግበሪያ አለ? ኮሎራዶ ከኮሎምባይን በኋላ ሴፍ ቱ ቴል የተባለውን መሥመር የዘረጋው ለዚህ ነው።
• አስጊ ባሕርይ ያሳየ ተማሪን የሚከታተል ቡድን አለ? ዓላማው ማባረር ብቻ ሳይሆን መርዳት መሆን አለበት።
• ልምምዱ እንዴት ይካሄዳል? የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበሩ የተኩስ ድምፅና የውሸት ደም ያለበትን፣ ወይም ልጆች እውነተኛ ጥቃት ነው ብለው የሚደናገጡበትን ልምምድ አይደግፍም።
• መልእክቱ በአማርኛ ይደርሰኛል? በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለባቸው። አስተርጓሚው ልጅዎ መሆን የለበትም፤ ስለ ራሱ የሚነገረውን ነገር ሊያስቀር ይችላል።

የእናት ስም ከልጁ የአባት ስም ጋር ስለማይመሳሰል ሌላ ችግርም አለ። ከአደጋ በኋላ ልጆች ለወላጅ የሚመለሱት ስምና መታወቂያ እየታየ ነው። ስለዚህ የእናት፣ የአባት እንዲሁም ልጁን የሚያመጡ አክስት ወይም አጎት ሙሉ ስም፣ መታወቂያው ላይ እንዳለው፣ በትምህርት ቤቱ ዝርዝር ላይ መኖሩን ዛሬውኑ ያረጋግጡ።

ሎክዳውን ሲሆን

• ለልጅዎ አይደውሉ። የስልክ ጩኸት የተደበቀበትን ቦታ ሊያጋልጥ ይችላል።
• ወደ ትምህርት ቤቱ አይሩጡ። የአምቡላንስና የፖሊስ መንገድ ይዘጋል።
• የትምህርት ቤቱን መልእክት ይከታተሉ፤ ወላጆች የሚጠሩበት ቦታ ሲነገር መታወቂያ ይዘው ይሂዱ።

ከልጅዎ ጋር ሲነጋገሩ

መጀመሪያ ምን እንደሰማ ይጠይቁት፤ ከዚያ በዕድሜው ልክ እውነቱን ይንገሩት። «ምንም አይደርስብህም» ከማለት «ብዙ ሰዎች እንድትጠበቅ እየሠሩ ነው፤ የሚያስፈራ ነገር ከሰማህ ንገረኝ፣ አልቆጣህም» ማለት ይሻላል። የጓደኛን ዛቻ መናገር አሳባቂነት እንዳልሆነና ጓደኛውንም ሊያተርፍ እንደሚችል ያስረዱት። የጥቃት ቪዲዮ ደጋግሞ እንዳያይ ይከላከሉ።

መቼ እርዳታ ይፈልጋሉ?

• ወዲያውኑ የሚደርስ አደጋ ካለ 911 ይደውሉ።
• ልጁ ስለ ራሱ ሞት ካወራ ወይም እርስዎ ከተጨነቁ 988 በማንኛውም ሰዓት ይደውሉ። «አምሃሪክ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ።
• ቅዠት፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት፣ ሽንት ማምለጥ ወይም ፍርሃት ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ሐኪም ያማክሩ። ቶሎ ከባሰበት ወሩ እስኪሞላ አይጠብቁ።
• መሣሪያ ያለው የቤተሰብ አባል ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ይችላል ብለው ከሰጉ፣ ሜሪላንድን፣ ቨርጂኒያን፣ ኮሎራዶንና ሚኒሶታን ጨምሮ በብዙ ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲሲ ፍርድ ቤት መሣሪያውን ለጊዜው እንዲወሰድ ማዘዝ ይችላል። እንደየግዛቱ ሕግ ጥያቄውን የሚያቀርበው ፖሊስ ወይም ቤተሰብ ነው። ትእዛዙ ራሱ የወንጀል ፍርድ አይደለም።

ብዙ ቤተሰብ ገመናው እንዳይወጣ ብሎ ዝም ይላል። ሐኪም የታካሚን ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ይህ የሚጣሰው ሕግ በሚፈቅዳቸው ሁኔታዎች፣ ለምሳሌ በሕይወት ላይ አደጋ ሲመጣ ነው። ስለዚህ የልጅዎ ነገር ካሳሰበዎት ቀጠሮ ለመያዝ እርግጠኛ እስኪሆኑ አይጠብቁ።