የማንዴላ ደሴትና የኮልፌው መምህር

ከኬፕታውን በጀልባ ተሻግረው ሮበን ደሴት የሚገቡ ወጣቶችን እስር ቤቱን የሚያስጎበኟቸው፣ እዚያው ታስረው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ኔልሰን ማንዴላ ከ27 የእስር ዓመታቸው 18ቱን ያሳለፉት በዚህ ደሴት ነው።

የታሪኩ አንዱ ጫፍ ግን አዲስ አበባ ነው። ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደው አገራቸው እንደተመለሱ ተያዙ። መጀመሪያ ከተፈረደባቸው 5 ዓመት 2ቱ ያለ ፓስፖርት ከአገር በመውጣታቸው ነበር፤ ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው።

ሥልጠናውን የመሩት ታደሰ ብሩስ? በንጉሡ ዘመን ታሰሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ደርግ ገደላቸው። ተማሪው የታሰሩበት ደሴት ሙዚየም ሆኖ ወጣት ይማርበታል። የመምህሩን እስርና ሞት ለኢትዮጵያ ወጣት ማን ያስጎበኘው?