ጉበትን በመርፌ የመመርመር ታሪክ



ባለፈው ዓመት በአንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ተቀምጠን ወሬው ወደ ሟቹ ሕመም ዞረ። ጉበቱ ላይ እባጭ ታይቶ «በመርፌ ናሙና ይወሰድ» ቢባል እንቢ ብሎ ነበር። «ደግ አደረገ፤ መርፌ የነካው እባጭ ይዛመታል» ያሉ አልጠፉም። የለቅሶ ቦታ ነውና ዝም አልኩ፤ ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም።

መርፌው የትናንት ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1883 ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ በስኳር ሕመምተኛ ጉበት ውስጥ የተከማቸውን ስኳር ለመመርመር ተጠቀመበት። በ1895 ጣሊያናዊው ሉካቴሎ መግል ለቋጠረ ጉበት ሞከረው። በ1939 ደግሞ ኢቨርሰንና ሮሆልም የተባሉ ሐኪሞች ኮፐንሃገን ላይ እኛ የወፍ በሽታ የምንለውን መረመሩበት። ከዚያ በፊት ብዙ ሊቃውንት ቢጫነቱ የሐሞት ቧንቧ በንፍጥ ሲደፈን ይመጣል ይሉ ነበር፤ ናሙናው ግን የተጎዳው ራሱ የጉበቱ ሕዋስ መሆኑን አሳየ።

ሐኪሞቹን ራሳቸውን የሚያስፈራቸው ደም መፍሰሱ ነበር። ጉበት ደም የሞላበት ነው፤ ስንተነፍስም አብሮን ከፍ ዝቅ ይላል። መርፌው ውስጥ እንዳለ ሰውየው ከተነፈሰ ሊቀደድ ይችላል ማለት ነው። በ1958 ጣሊያናዊው ሜንጊኒ መላ አመጣ፦ ሕመምተኛው ትንፋሹን አውጥቶ ይይዛል፣ መርፌው ጉበት ውስጥ የሚቆየው አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ቀድሞ ሐኪሙ በጣቱ መትቶ እየገመተ ይወጋ ነበር፤ ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን አልትራሳውንድ መጥቶ የመርፌውን ጫፍ እያዩ መምራት ተቻለ።

ሁለት ዓይነት መርፌ አለ። ቀጭኑ እህል ነጋዴ ጆንያ ሳይፈታ ወግቶ እፍኝ ጤፍ እንደሚያወጣው ነው፤ ሕዋሶች ይመጠጡና በመስታወት ላይ ተቀብተው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ወፈር ያለው ክር የመሰለ ቁራጭ ሥጋ ያወጣል። ይኼኛው ሕዋሶቹ እንዴት እንደተደረደሩም ስለሚያሳይ ከጉበት የተነሳውን ካንሰር ከሌላ ቦታ ከመጣው ለመለየት የበለጠ ይረዳል።

ደግሞም እባጭ ሁሉ ካንሰር አይደለም። በአሜባ የቋጠረ መግል በመድኃኒት ይድናል፤ የሳንባ ነቀርሳም ጉበት ላይ ያብጣል። የዚያ ሰውዬ እባጭ የትኛው እንደነበር ዛሬም የሚያውቅ የለም።

ይዛመታል የሚሉትን ግን ፍጹም ሐሰት ነው አልልም። መርፌው ባለፈበት መንገድ የካንሰር ሕዋስ የሚበቅልበት ጊዜ አለ፣ ብዙ ባይሆንም። ከውሻ የሚመጣው ውኃ የቋጠረ እባጭም ሳይታወቅ ከተወጋ አደገኛ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ የደም መርጋት ምርመራም ይደረጋል። ጉበቱ ጠባሳ ሆኖ ለጠነከረ ሰው ደግሞ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ የካንሰሩን ምልክት በግልጽ ካሳየ ያለ መርፌ መወሰን ይቻላል። መርፌው ያስፈልገኛል ወይ፣ በሌላስ አይታወቅም ወይ ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር የለበትም።