ማቅለሽለሽና የሆድ ሕመም
ማቅለሽለሽ፣ ማለትም ትውከት ሊመጣ ሲል የሚሰማው የመረበሽ ስሜት፣ እና የሆድ ሕመም ራሳቸውን የቻሉ በሽታዎች ሳይሆኑ የልዩ ልዩ ሕመሞች ምልክቶች ናቸው። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝባት በጉብሬ፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ፣ ከተለመዱት መንስኤዎች መካከል የተበከለ ምግብና ውሃ፣ አሜባና ጃርዲያ የተባሉ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን፣ እንዲሁም ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ በተሰኘ ባክቴሪያ የሚመጣ የጨጓራ ሕመም ይገኛሉ። ጥሬ ወይም ለብለብ ክትፎ በከብት ሥጋ ውስጥ ያለውን የኮሶ ትል እጭ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ሥጋውን እስከ ውስጡ ማብሰል አስተማማኝ መከላከያ ነው፤ የኮሶ ዛፍ አበባ የቆየ መድኃኒት ቢሆንም መጠኑ ሲበዛ ስለሚመርዝ፣ በጤና ባለሙያ የሚታዘዘው ፕራዚኳንቴል ይመረጣል።

በቤት ውስጥ ሕመምተኛው እንዲያርፍ፣ ቅመምና ቅባት ከበዛበት ምግብ እንዲቆጠብ፣ ፈሳሽም በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ እንዲጎነጭ ይደረጋል። ትውከት ወይም ተቅማጥ ካለ፣ ከሰውነት የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካው ኦ.አር.ኤስ፣ አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠጣል። ደም የቀላቀለ ትውከት፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ወይም የትርፍ አንጀት ምልክት ሊሆን የሚችል የታችኛው ቀኝ ሆድ ጽኑ ሕመም የታየበት ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።